የመርቪን ጆሮ ማዳመጫ

መርቪን ትሬዊን ወርቅ እንደሚደብቀኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ስንት ዓመት በኔ መኪና ዱኖሊ ጫካ እየወረድን ወርቅ ስንፈልግ፣ የኔ መፈለጊያ ማሽን ወርቅም ሆነ ብረት በነካው ቁጥር አገር እየሰማ ይጮሃል፤ እሱ ግን የዚያን አሮጌ ማሽኑን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ አፍኖ ለብቻው ይሰማል። ይቆፍራል፤ ገና ሳልደርስበት ጉድጓዱን ይደፍናል።

«ምን አገኘህ?» ስለው፣ «ሚስማር» ይለኛል። ሁልጊዜ ሚስማር!

ትናንት ሽንቱን ሊሸና ዞር ሲል ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁና የጋብቻ ቀለበቴን ማሽኑ ሥር አስቀመጥኩ። ጭጭ። የባትሪውን ክዳን ብከፍተው ውስጡ ዝጎ አልቋል።

«አየኸው?» አለኝ ከኋላዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ከሞተ ቆይቷል! ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህማ ኖሮ ይዘኸኝ ትመጣ ነበር?»