ፍየሏ የለቀቀችው ቦታ

ሰዓት ሠሪው በአርባ ሰባት ዓመት ሥራቸው አንድ ሕግ ጥሰው አያውቁም፤ ደወል የሚመታ ሰዓት ወደኋላ አያዞሩም። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ቢያገኙት እንኳ ዙሩን ሁሉ ወደፊት ይወስዱታል። በየሰዓቱ ቆም እያሉም ደወሉ መትቶ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ወደኋላ የተገፋ ደቂቃ ቆጣሪ የውስጡን ጥርስ ይሰብራል። ስንቱ ችኩል ሰብሮ አምጥቶላቸዋል!

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ለመመለስ ይሄን ሁሉ መዞር ምን የሚሉት ጣጣ ነው?» ይላቸዋል ግድግዳ የሚጋራቸው ፀጉር አስተካካይ።

«ያንተ መቀስ የቆረጠውን ይቀጥላል?»

«ኧረ አይቀጥልም።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ላጭ።»

ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት። የእሷ አንዲት ልጅ በዚያው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰባት ወር ተኝታ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ይኸው አራት ወር ሆነ። እናት ግን እስከ ዛሬ የሦስተኛውን ፎቅ አንሶላ ታጥባለች። «ሌላ ክፍል ጠይቂ» ሲሏት «አንሶላው ምን አደረገኝ?» ትላለች።

ከልጅቷ የተረፈው በእጅ የሚያዝ ጌም ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ መንደር አለች፤ ዛፍ ይተከልባታል፣ ቤት ይሠራባታል፤ እንስሳት ደግሞ እንደ ሰው ጎረቤት ሆነው ይኖሩባታል። በዚያች መንደር ሲነጋ የሚነጋው፣ ሲመሽም የሚመሸው እንደ ውጪው ዓለም ነው። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ሆና ይሄን ሁሉ ለአያቷ አስረድታቸዋለች።

«ግን ሰዓቱን እዚህ ጋ ብነካው ነገ ይሆናል። አየህ፣ ችግኙ አደገ!»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አሏት።

«አይደለም፣ ቲክቲኬ። ነገን ዛሬ ማየት ነው።»

ሰዓት ሠሪው ያን ቀን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ቆዩ።

ቲክቲኬ ብላ ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሌላ ሰው የለም። ከሰው ሌላ ግን አንዲት ፍየል ነበረች። በጌሙ ውስጥ ጎረቤትን አንድ ቃል ማስተማር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ጎረቤት የንግግሩን ማሳረጊያ ሁሉ በዚያ ቃል ያደርጋል። ልጅቷም ቢጫ ሻሽ የምታስረውን ፍየል «ቲክቲኬ» ማለት አስተማረቻት።

እናት ከሥራ ስትመለስ በረኪና የበላውን እጇን ታጥባ ያን ጌም ትከፍታለች። ከአሥር ደቂቃ አታልፍም። ፍየሏ እየሮጠች ትመጣና ንግግሯ በጽሑፍ ይወጣል፤ እናት የልጇን ድምፅ እያስመሰለች ታነበዋለች፤

«መጣሽ እንዴ፣ ቲክቲኬ? ዛሬ ችግኙን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ቲክቲኬ።»

ሰዓት ሠሪው ከወዲያ ማዶ ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስላሉ። ገጽ ሲገልጡ ግን አይታዩም።

የልጅቷ ልደት የዋለ ዕለት እናት ጌሙን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት፤ ለማየት አቅም አጣች። በማግስቱ ከፍታ አወጣችው፤ ይኸኔ ደግሞ ጸጸት ያዛት። «እንስሳቱ በልደቷ ቀን በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር'ኮ፣ አባዬ» አለች። «እንኳን እኛ፣ እነሱም ሳያከብሩላት አለፈ።» አምስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ስትደጋግም ሰነበተች። መብላትም ቀነሰች።

አባት አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች ጌሙን ወደ ሱቃቸው ይዘው ሄዱ። የተበላሸ ነገር ማስተካከል እንጀራቸው ነው፤ ያለፈን ልደት መልሰው ማታ ሊሰጧት አሰቡ። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የቀኑን ማስተካከያ ፈልገው አገኙት። ሁለት ቀስት አለው፣ አንዱ ወደላይ፣ አንዱ ወደታች። አውራ ጣታቸው ወደታቹ ቀስት ሄደና ሳይነካው ቆመ። ወደኋላ የምትመለሰው አምስት ሳምንት ብቻ ነበረች። አርባ ሰባት ዓመት የለመደ እጅ ግን ወደኋላ አልጫን አለ።

ስለዚህ ወደፊት ሄዱ። እንደ ግድግዳ ሰዓት በየወሩ ቆም እያሉ፣ አንዱን ወር አስጨርሰው ወደሚቀጥለው እያለፉ፣ እስከሚመጣው ዓመት ልደቷ ድረስ ወሰዱት። ልደት ልደት ነው፣ ምን ለውጥ አለው ብለው ነበር።

መንደሪቱ ስትከፈት አረም ውጧታል። የልጅቷ ቤት በር ላይ አንድ ዳክዬ ኬክ ይዞ ቆሟል። «መልካም ልደት! ከጠፋሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው'ኮ፣ የት ነበርሽ?» አለ። ሰዓት ሠሪው የንግግሩን ማሳረጊያ ጠበቁ። ምንም የለም፤ ያን ቃል የምታውቀው ፍየሏ ብቻ ናት።

ቁልፉን እየተጫኑ በጌሙ ውስጥ ልጅቷን የምትወክለውን ምስል ወደ ፍየሏ ቤት አስኬዷት። ቤቱ የለም። አረም የወረሰው አራት ማዕዘን መሬትና አንድ ሰሌዳ ብቻ፤ «ለቋል»። ቀኑን በመጣበት መንገድ ወደ ዛሬ መለሱት። ይኸኔ ወደኋላ መጫን አልከበዳቸውም። ቀኑ ተመለሰ። ሰሌዳው እዚያው ነው። ቅንድብ ሲኩሉ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰዓት ተሰቅሎ ምሳ ያለፈብዎት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» ቢላቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩት ሱቁን ዘጉ።

ልጃቸው ስትመለስ እጇን ታጥባ ጌሙን ከፈተች። በአረሙ መሃል ወዲያ ወዲህ አለች።

«አባዬ፣ ፍየሏ የት ናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ ነው አንተ?»

ነገሯት። ልደቱን ሊመልሱላት እንደነበር፣ ወደፊት እንዳዞሩት፣ ሁሉንም። በጋዜጣ አልተሸፈኑም።

«አምስት ሳምንት ወደኋላ ነበር'ኮ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አምስት ሳምንት!»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

አንገቷን ደፍታ አረሙን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። በነቀለች ቁጥር ጌሙ ጠቅ ይላል። እራት ቀዘቀዘ። የልጅቷ ቤት የፖስታ ሳጥን ጋ ስትደርስ ፍየሏ የተወችው ደብዳቤ ነበር። እንደ ልማዷ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ የልጇን ድምፅ ግን አላስመሰለችም።

«በየቀኑ በርሽ ላይ ቆሜ ጠበቅሁሽ። ታመሽ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሌላ መንደር ሄጄም አልረሳሽም። ደህና ሁኚ፣...»

እዚህ ላይ ቆመች። አንዲት ቃል ቀርታ ነበር። ሰዓት ሠሪው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ጠበቁ። ልጃቸው ደብዳቤውን ዘጋችው።

ከዚያ ወደ አረሟ ተመለሰች፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መንደሪቱ ከዳር እስከ ዳር ጸዳች። የፍየሏ ቤት የነበረበት አራት ማዕዘን ብቻ ሲቀር ጌሙን አጠፋችው።

«ያቺን ረሳሻት» አሏት ቀስ ብለው።

«አልረሳኋትም» አለች። «ይብቀልባት።»