በመስታወት ላይ የቀሩ ነጥቦች

ልጅ ሳለሁ ፊደል ሲወለድ ነጥብ ሆኖ እንደሚወለድ አምን ነበር። አባቴ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው፤ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ መቐለ የቀረ፣ የቀዳማይ ወያነ ሰፈርን ሱቆች እኩሌታ በብሩሹ የጻፈ። ጽሑፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይነድፍና ጠርዙን ተከትሎ በመርፌ ይበሳሳዋል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በካልሲ የቋጠረውን የከሰል ዱቄት ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ወረቀቱ ሲነሳ የነጥብ ፊደል ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ለመስታወት ሲሆን በከሰል ፈንታ የጠመኔ ዱቄት ነው። ከዚያ ነጥቦቹን በብሩሽ አንድ በአንድ ያገናኛል፤ ቀለሙ ሲደርቅ የተረፈውን ነጥብ በጨርቅ ይጠርጋል። ያቺን ጨርቅ አልወዳትም ነበር። ደጅ ስትራገፍ ነፋሱ ነጥቦቹን ተሸክሞ ሌላ ግድግዳ ላይ ሌላ ቃል አድርጎ የሚያሰፍራቸው ይመስለኝ ነበር።

ካደግኩ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ የራሴን ፎንት ልሥራ ስል፣ ከነጥብ ሌላ የመጣልኝ ነገር የለም። መስመር የሌለው፣ ነጥብ ብቻ የሆነ ፊደል። የፈረንጁ ፊደል በወርድ አምስት በቁመት ሰባት ነጥብ ይበቃዋል። የእኛው ግን እግር አለው፣ ቀለበት አለው፣ አንገቱን የሚያዞርም አለ። በአምስት ስሞክረው "ጨ" የተረገጠች ሸረሪት መሰለች። ዘጠኝ በዘጠኝ ሳደርገው ፊደሎቹ መተንፈስ ጀመሩ። ለወራት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ነጥብ ነበር፤ አምባሻ እንኳ ስበላ ላዩ ላይ የተወጋውን ለማንበብ እሞክር ነበር። ከቅርብ ሲያዩት የተበተነ ጥሬ ነው፤ መንገድ ተሻግረው ዞር ሲሉ ቃል ሆኖ ይጠብቃል። መጀመሪያ ለአንድ ልብስ ሰፊ ቲሸርት ላይ አተምኩት። ቀጥሎ ትንንሽ አምፖሎች ለሚደረደሩበት የፋርማሲ ሰሌዳ ሰጠሁት።

ለአባቴ ግን አላሳየሁትም። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሥራ አቁሟል፤ ብሩሾቹን ግን በየሳምንቱ ያጥባል። የእኔ ነጥብ የሠለጠነ እጅ አይፈልግም፤ የእርሳስ ቂጥ ቀለም ውስጥ ነክሮ መጫን ነው። ይህንን ቢያይ "ለካ ያለ እኔ እጅም ይሆናል" ብሎ ልቡ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም።

ሓወልቲ አካባቢ ካፌ የምትከፍት አንዲት ሴት የመስታወቷን ጽሑፍ ሰጠችኝ። ሐሙስ ጨረስኩት፤ የሚከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባቴ ሥራውን መያዜን ያውቃል፣ በምን ዓይነት ፊደል እንደምጽፍ ግን አያውቅም። አርብ ከጁምዓ ሲመለስ በዚያ በኩል አልፎ መስታወቱን አይቶት ኖሯል። ቅዳሜ ሱብሒን ሰግዶ ወጣ። የብሩሽ ሳጥኑን ቦታው ላይ ሳጣው ተከትዬው ሮጥኩ።

ከተማው ገና በግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ የድንጋዩ ቤት ሁሉ የማር ቀለም ይዞ፣ መንገዱ ባዶ፣ የራሴ እርምጃ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ እየመሰለኝ። አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ ነጥቦቼን እያገናኘ ነበር። ሦስት ፊደል ጨርሷል። የጠመኔ ነጥብ መስለውታል፤ ልጄ ጀምራ ትታው ነው ብሏል። መስመሩ የእጁን መንቀጥቀጥ ሁሉ ይዟል።

"ሳትጨርሺው ሄድሽ" አለኝ ሳይዞር። "ዛሬ ሰው ሊገባ ነው። ደክሞሽ ይሆናል ብዬ ነው።"

"አባዬ፣ አልቆ ነበር እኮ።"

አንዷን ነጥብ በጣቱ አሻት። አልለቀቀችም። ከወንበሩ ወርዶ መንገዱን ተሻገረ፤ ማዶ ሆኖ ብዙ ቆመ። እኔ ፊቱን አያለሁ።

ሲመለስ "ያምራል" አለ። "ከሩቅ ራሳቸው ይያያዛሉ።" ጨርቁን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ውስጥ ነከረና የገዛ መስመሩን መጥረግ ጀመረ። ቀለሙ እርጥብ ስለነበር ወዲያው ለቀቀ፤ ሁለት ቀን የደረቁት የእኔ ነጥቦች ከሥሩ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ልከለክለው ፈልጌ፣ የብሩሽ ሳጥኑን ከመሬት አንስቼ አቀፍኩ።

በዚህ መሃል የካፌው ባለቤት ቁልፏን እያንቀጫቀጨች መጣች። "ከመይ ሓዲርኩም" ብላ እንዴት እንዳደርን ጠየቀችን። መስታወቱን አይታ ደስ አላት፤ "ይሄንን ነው የፈለግኩት" አለችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "እርስዎስ ኣቦይ?"

"እኔ መስታወቱን ልወለውል ነው የመጣሁት" አላት።

"በጃኹም ኣቦይ፣ እንግዲያውስ የታችኛውንም አደራ።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ወለወለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ የዚያን ቀን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ እየነቀዘ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በእጁ መሆኑን፣ ያች ሴት በልጅነቷ ያነበበችው የሱቅ ስም ሁሉ ምናልባት የእሱ መሆኑን መናገር ስችል ሳጥኑን አቅፌ ቆምኩ። "አባቴ ነው፤ ያስተማረኝም እሱ ነው" ያልኩት እሱ ጥጋጥጉን ሁሉ ጨርሶ፣ እሷም ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። የሰማኝ እሱ ብቻ ነበር።