በውሻ ቀብር ላይ ያለቀስኩት

ከደሴ ቤታችን የወጣሁት ማታ ነው። አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሳ መናኸሪያው አጠገብ ዘመድ ቤት ላድር ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ «መንገደኛ ላይ አይለቀስም፣ ገደቢስ ነው» ብላ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ በር ላይ ቆመች። ያለቀሰችው ሻንጣዬን የያዘችልኝ ታላቅ እህቴ ተዋበች ናት። ፒያሳ ስንደርስ ድንገት ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣

«እማዬ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አለችኝ።

«ምን ሟርት ነው ተዋቡ! ክፉ አታውሪ!»

«ብትሆንስ አልኩሽ?»

«መጥቼ አለቅሳታለኋ።»

«ማይልኝ።»

«እመቤቴን!»

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አውስትራሊያ ተወልዳችሁ ለምታነቡ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ እናቱን ያላለቀሰ ሰው ልጅ ነኝ ቢል የሚሰማው የለም።

ባለቤቴ ታደሰ በሱዳን በኩል ቀድሞኝ ሜልበርን ገብቶ ነበርና፣ እሱ ባወጣልኝ ወረቀት መጥቼ አስኮት ቬል የመንግሥት ፎቅ ቤት፣ ፍላት የሚሉት ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማል፣ ግን «ይማርህ» የሚል ሰው የለም። እኔ ከዚህ በኩል ሆኜ «ይማርህ» እል ነበር፤ ታደሰ ይስቅብኛል። ዳቦው ስፖንጅ፣ ቲማቲሙ ቆንጆ ግን ጣዕም አልባ። ሐምሌ ብቻ ነው ያልከዳኝ። ሌላው ዓለም በሐምሌ ሲሞቀው እዚህ እንደኛው ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ስለዚህ የምወደው ወር እሱ ሆነ።

ብዙም ሳልቆይ አረገዝኩ። እናቴ የሞተችው በዚያ መሀል፣ ፋሲካ ሰሞን ነው። እርጉዝ መርዶ አይነገራትምና ተዋበች ለታደሰ ደውላ ነግራ፣ ታደሰ ደግሞ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ በስልክ «እማዬን አገናኙኝ» ስል አንዴ ጸበል ሄደች፣ አንዴ ተኝታለች ይሉኛል። ናሆም ተወልዶ፣ ክርስትና ተነስቶ፣ እኔ ከጠነከርኩ በኋላ ነው የተነገረኝ። መርዶ በማለዳ ነው ወጉ፤ እዚህ ግን የሥራ ሺፍት የሌለው ሰው ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ቅዳሜን ጠብቀው መጡ። በሩን ከፍቼ ያን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ሳይ ማንም ምንም ሳይናገር ጮህኩ።

ሁለተኛውን ጩኸት ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አንዷ ሴት። ታደሰ ያስተረጉማል።

«ማነው የመታሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ትጮኻለች?»

«እናቷ ሞታባት ነው።»

«ኦ፣ ሶሪ። መቼ ሞተች?»

«ፋሲካ ላይ።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። ኅዳር ላይ ነን እኮ!

«ታዲያ ዛሬ ለምን?»

«ዛሬ ነው የሰማችው።»

«ስልክ የላትም?»

«አላት።»

«እና?»

«እርጉዝ ነበረች።»

ሴትየዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ወንዱ ግን በትሕትና፣ ጎረቤቶች ቅሬታ ስላቀረቡ እባካችሁ ድምፁን ቀነስ አድርጉት አለን። ሐዘን ቀነስ ይደረጋል እንዴ፣ ሬዲዮ መሰለው? ለቀስተኛው ግን ሁሉም ስደተኛ ነው፣ ፖሊስ ይፈራል። ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ትራስ ነክሼ ለማልቀስ ሞከርኩ፤ ትራስ ተነክሶ ደግሞ ለቅሶ አይወጣም፣ ማነቅ ብቻ ነው። ተዋበች ደውላ «አለቀስሻት?» ስትለኝ «ፖሊስ መጣ» አልኳት። «እማዬን ማልቀስ ወንጀል ሆነ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በሚቀጥለው ሐምሌ ግሬግ የሚባል ቀይ ጺም ያለው ልጅ እግር የፍላቶቹን በር ሁሉ እያንኳኳ መጣ። ፊልም እየሠራ ነው። ገንዘብ የለውም፤ ካሜራው የውሰት፣ መኪናው የእናቱ። ታሪኩ ኮሜዲ ነው፦ አንድ ወዳጅ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ የእሽቅድምድም ውሻው ይሞትበትና፣ ቀብሩ ላይ ሰው እንዲኖር አልቃሽ ይቀጥራል። አልቃሾቹ እኛ ነን፤ ክፍያው ሳንድዊች።

«ለውሻ? አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ እንደ እናት የያዙኝ። በኋላ ግን «ቤት ውስጥ ከምትደርቂ እንሂድ፣ ንፋስ ይምታሽ» ብለው ራሳቸው ጎትተው ወሰዱኝ።

ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ነው የተቀረጸው። ነጭ ሳጥን፣ በላዩ የውሻው ፎቶ፣ አበባ። ናሆምን አዝዬዋለሁ። ግሬግ መጥቶ «ጮክ ብላችሁ አልቅሱ፣ በጣም ጮክ!» አለን።

«ፖሊስ አይመጣም?» አልኩት።

ሳቀና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ከካውንስሉ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ፈቃድ አለን። የፈለጋችሁትን ያህል ጩኹ።»

ፈቃድ! አያችሁ፣ ያን ቃል ስሰማ ውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ሳጥኑ ፊት ቆሜ ደረቴን ስመታ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭልጥ ያለ ነገር ነው። እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ በነጠላቸው ሳቃቸውን ይሸፍኑ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ገባቸውና መጥተው ወገቤን ይዘው ይቀበሉኝ ጀመር። ግሬግ «ከት! ከት!» ይላል፣ አቁሙ ማለቱ ነው፤ እኛ የት ሰምተን! ባለካሜራው ማቆሚያው ጠፍቶበት ይቀርጻል። ስንጨርስ እኔ ሰው ሆኜ ነበር። ሳንድዊቹን እትዬ ዘሃራ ገልጠው አይተው የአሳማ ነው ብለው ለወንዙ ዳክዬዎች ሰጡት።

ፊልሙ በቪዲዮ ካሴት ወጣ። የኛን ለቅሶ የጭፈራ ሙዚቃ ጭነውበት ድምፃችን አይሰማም፤ ሁለት ሴቶች ለውሻ ሲንፈራገጡ ብቻ ነው የሚታየው። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ካሴቱን ደበቅኩት። ለተዋበች «እማዬን የውሻ ሳጥን ላይ አለቀስኳት» ብዬ ልንገራት? በኛ አገር ውሻ ስድብ ነው!

ናሆም ትምህርት ቤት ሲገባ ደሴ ሄድኩ። ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ጉድ በሉ፣ ዓይኔ ደረቅ አለ። እንባዬን ሜዳው ላይ ጨርሼው ነበራ! ተዋበች ፊቴን አየት አድርጋ «ፈረንጅ እንባም ይወርሳል እንዴ?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ እህቴ የበዓል እህት ሆነች። በዓል ሲሆን እኔ እደውላለሁ፤ «ደህና ነሽ? ልጁ ደህና ነው? እግዚአብሔር ይመስገን፣ በይ ቻው።» እሷ ግን አንድ ቀን ደውላልኝ አታውቅም።

አሁን ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው ያለሁት። ታደሰ ጡረታ ወጥቶ ጓሮ ጎመን ይተክላል፣ ናሆም ጎረምሳነቱንም ጨርሷል። በቀደም ናሆም ሳቅ እያፈነው ገባ። «ማም፣ ዩ አር ፌመስ!» ፉትስክሬይ ያለው የእንጀራ ሱቅ በር ላይ ፎቶዬ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «እነዚህ ሴቶች ይፈለጋሉ» ይላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ፖሊሱ የመጣብኝ ነው የመሰለኝ።

ግሬግ ነበር። ጺሙ ነጭ፣ አናቱ መላጣ። ፉትስክሬይ አንድ የኛ ሰው ካፌ ተገናኘን። ያ ብዙ ሰው ያላየው ፊልም ዛሬ ወዳጅ በዝቶለታል፤ ሪማስተርድ ተደርጎ በአዲስ ዲስክ ሊወጣ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ሥዕሉ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ድምፁ ተለቅሟል። የመጀመሪያው የድምፅ ቴፕ እናቱ ጋራዥ ውስጥ ተገኝቶ፣ ሙዚቃውን አንስቶታል።

«አሁን ድምፃችሁ ይሰማል፤ የምትሉትን ግን የሚያውቅልኝ አጣሁ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

ወይኔ! የራሴ ድምፅ፦

አልጋሽ ሥር ቁጭ ብዬ ውኃ ሳላቀምስሽ፣
በሰው አገር ሜዳ ለብቻዬ ላልቅስሽ።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ካረፉ ቆይተዋል፣ እዚያው ጎኔ ያሉ መስለው፦

ማን ብቻሽን አለሽ፣ እኔስ የት ሄጃለሁ፣
የእናትሽን ለቅሶ እኔ እቀበላለሁ።

ካፌው ውስጥ ተንሰቀሰቅኩ። ባለቤቷ ውኃ ይዛ ሮጠች። ለግሬግ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፋሲካውን፣ ፖሊሱን፣ ፈቃዱን። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስንስቅበት ኖርን» አለ። «ይቅር ካልሽ ያን ቦታ አሁንም ቆርጬ ልጥለው እችላለሁ።»

አሰብኩበት። እሺ ብለው የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር አይኖርም። ግን እናቴን ያለቀስኩበት ሌላ ቦታ የት አለኝ?

«አትቁረጠው። የሚስቅ ይሳቅ። ሙዚቃውን ብቻ እንዳትመልስብኝ። ከሥሩም ‹እናቷን ነው› ብለህ ጻፍ፣ ሌላ አትጨምር።»

ዲስኩ ሳይወጣ አንድ ቅጂ ሰጠኝ። ናሆም ያን ቦታ ወደ ስልኬ አስገባልኝ፤ ጀርባዬ ላይ ያለው ሕፃን እሱ መሆኑን ሲያይ «ዛትስ ሚ?» ብሎ ደጋግሞ አየው። ለአክስቱ ልልክ እንደሆነና የምፈራውን ስነግረው መላውን እሱ አመጣ። «ማም፣ ውሻውን ቆርጬ ድምፁን ብቻ ላድርግልሽ። ሺ ዎንት ኖው፣ አታውቅም።»

አማለለኝ፣ አልዋሽም። ድምፁን ብቻ ብልክ ታርቀናል ማለት ነው። ግን የእናቴንም ሞት የደበቁኝ ለኔ ብለው ነው፤ ደግ ውሸት መጨረሻው እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከነውሻው፣ ከነፎቶው ላክሁት። በድምፅ መልእክት ሁሉንም ነገር ከነገርኳት በኋላ «ከተቀየምሽኝም አውቀሽ ተቀየሚኝ» አልኳት።

አየችው፤ ምልክቱ ይታያል። ቀን አለፈ፣ ሌላ ቀን አለፈ፣ መልስ የለም። ታደሰ «ነግሬሽ ነበር» ሊል ፈልጎ ፊቴን አይቶ ወደ ጎመኑ ሄደ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ስልኬ ጮኸ። ተዋበች። እሷ፣ ራሷ ደውላ!

«ያቺ የምትቀበልሽ ሴትዮ ማናት?» አለች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«እትዬ ዘሃራ ናቸው። የኛው አገር ሰው።»

«የኔ ቦታ ነበር።»

«የአንቺ ነበር፣ ተዋቡዬ።»

 ከወዲያ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል፣ የሰው ጫጫታ፣ ደሴ።

«ሳጥኑ ውስጥ... ውሻው ነበረበት?»

«ኧረ የለም። ለፊልም እኮ ነው። ሳጥኑ ባዶ ነበር።»

«ባዶ?»

«ባዶ።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል። «ባዶ ከነበረማ የእማዬ ነው» አለች።  «በይ ከመጀመሪያው አንሺው። ዛሬ እኔ ልቀበልሽ።»

ወጥ ቤቴ መሀል ቆሜ አነሳሁት። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደጨረስኩ፣ እሷ «እህ...» ብላ ልትቀበል ስትል ኔትወርኩ ጠፋ። መልሼ ደወልኩ፣ አይሠራም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አሁንም አይሠራም። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ፣ ማቆም አልቻልኩም፤ የማይናገረውን ስልክ ደረቴ ላይ ይዤ በሙሉ ድምፄ ቀጠልኩ። በመስኮቱ የጎረቤቴ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። ከፈለገ ለፖሊስ ይደውል።