ከኋላው ወንበር ጎን የነበረው ሳጥን

ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚያውቁት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ፣ በመጨረሻ እጁ ከዳው እንጂ እንደሱ ያለ ኤሌክትሪሽያን ድሬዳዋ አላየችም ይላሉ። እጁ አልከዳውም። ከድቶኛል ብሎ እንዲያምን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

መኪናዋን የገዛናት ከአብዮቱ በኋላ ከዚራ ሰፈር ያለውን ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። ሌሎች መኪናዎች ቤንዚን የሚያገኙት በካርቡሬተር ነው፤ የእሷ ግን በኤሌክትሪክ ነበር። ስንት ጠብታ ቤንዚን እንደሚያስፈልጋት የሚወስን አንድ ሳጥን ነበራት። ባለቤቴ መኪናዋን ካመጣ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አልነዳትም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአሠራር መጽሐፏን ሲያነብ ዋለ። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ እሱም ዕድሜውን በሙሉ በባቡሩ ወርክሾፕ የሠራ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ያነብ ነበር። ማታ ራት ስንበላ፣ ይህቺ መኪና አንጎል አላት አለኝ። አንጎሏ የት እንዳለ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ማክሰኞና ቅዳሜ ሐረር ሰው ያመላልስባት ነበር። በቀሩት ቀናት በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይጠግናል። ከመጋላም፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶም፣ አንዳንዴ ከመልካ ጀብዱ ድረስ በጨርቅ የተጠቀለለ ሬዲዮ ይዘው ይመጡለታል። ከባለ ሬዲዮው ጋር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ እየቀጠለ በሶማሊኛ ሲጨርስ፣ እጆቹ ወሬውን እንዳልሰሙ ሁሉ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ልጆች ጽሕፈት ሳስተምር የኖርኩ ነኝ፤ እጅ አይቼ ሰው እለያለሁ። የእሱ እጅ የሚያስፈልገውን ብቻ ነበር የሚነካው። ይህ ሁሉ በሆነበት ዓመት ግን ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ትንሽ መንቃጨል ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ፣ ቀላል ነው፣ ከሥራ አያስቀርህም ብሎታል።

አሁን ስለ ጨርቁ መናገር አለብኝ።

በባቡር ከጅቡቲ የሚገባ ጨርቅ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ያለው ኬላ ላይ ይፈተሻል። በሰፈራችን ጨርቅ ደብቃ ያላሳለፈች ሴት ብትኖር ጥቂት ናት። ትራስ ውስጥ የሚሰፉ ነበሩ፣ ሕፃን ሳይኖራቸው ሕፃን የሚያዝሉም ነበሩ። ባለቤቴ መኪናዋን የገዛ ዕለት ግን፣ በዚህች መኪና አንዲት ሻሽ አትሄድም ብሎ ነበር። የወርክሾፕ ባልደረባው በሁለት ጣቃ ጨርቅ ምክንያት መኪናውን ተወርሶ፣ እሱም ታስሮ አይቷል። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩትም ከልቤ ነበር።

አንድ ቀን ኋላ ተቀምጬ ማበጠሪያዬ በወንበሩና በጎኑ ሽፋን መካከል ገባብኝ። ቤት ስንደርስ በቢላዋ ጫፍ ሁለት ብሎን ፈታሁና ሽፋኑን ገለጥኩት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያስተኛል። ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ቆርቆሮ ሳጥን አለ፣ ወፍራም የሽቦ እስር ገብቶበታል። የመብራት ነገር መስሎኝ ዘጋሁት። ከሳምንት በኋላ ያንን ባዶ ቦታ በሻሽና በድሪያ ጨርቅ ሞላሁት።

ሰበብ መደርደር አልፈልግም። ጡረታው አይበቃንም ነበር፤ የሚበቃቸውም ግን ያደርጉት ነበር። ሐረር ያለችውን እህቴን ልጠይቅ እያልኩ አብሬው እሄዳለሁ፣ ከዚያው ጎን እቀመጣለሁ፣ ኬላው ላይ ስንደርስ ፈታሹን ፊናንስ እናቱ ተሻላቸው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ባለቤቴ በመስታወቱ ያየኛል። ሰው አክባሪነቴ ያኮራው ነበር።

በሦስተኛው ጉዞ መኪናዋ የደንገጎን ዳገት ስትጀምር አሳላትና ቀጥ አለች። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፈለገ። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሚቀጥለውም። ባለቤቴ ደብተር አወጣ። ፀሐዩ እንዴት እንደነበረ፣ ቤንዚኑ ከየት እንደተቀዳ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ፣ የት ላይ እንደጠፋች ይጽፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብተሩን አገላብጦ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን አንድም ጊዜ እንዳልጠፋች አየ።

“መኪናዋ አንቺን አትወድሽም” አለኝ ተሳፋሪዎቹ ፊት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ክብደት ይሆናል ብሎ አንድ ማክሰኞ እኔን አስቀርቶ በቦታዬ ከእኔ እጥፍ የምትሆን የቅቤ ነጋዴ አሳፈረ። እንደ ንፋስ ወጣች አለ። ማታ እየሳቀ ሲነግረኝ፣ በመጨረሻ ሳቁን ትቶ ራሱን አከከ። እኔ ያልሄድኩበት ቀን ጨርቅ የማይኖርበት ቀን መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ሳጥኑ ያ አንጎል መሆኑን ግን አላውቅም ነበርና ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። እውነቱ ይኸው ነው። ባገናኛቸው ኖሮ እነግረው ነበር ብዬ ግን አልምልም።

መጋላ ያለው የታወቀ መካኒክ ጓደኛው ነበር። አንድ ቀን በረንዳችን ድረስ መጥቶ፣ ተበታትኖ የተሰጣውን ዕቃ አየና ወገቡን ይዞ ቆመ።

“አቦ፣ መኪና ነው የገዛኸው ወይስ ሬዲዮ? ይህን ሁሉ ገመድ ንቀልና ካርቡሬተር ግጠምላት። ዋላሂ እንደ አህያ ትሄድልሃለች።”

“አህያ ብፈልግማ አንተ ነበርክልኝ” አለው ባለቤቴ ቀና ሳይል። ከዚያ አብረው ሻይ ጠጡ።

ምክሩን ግን አልተቀበለም። ከሚታየው ወደማይታየው ነው የሚኬደው ይል ነበር። ፓምፑን አውጥቶ ለብቻው አሠራው። ቤንዚን የሚረጩትን አራቱን አፍንጫዎች በአራት ባዶ ጠርሙስ ላይ ደቅኖ እኩል መርጨታቸውን ለካ። የዲስትሪቢውተሩን ውስጥ ጠረገ። በየጊዜው ደህና የሆነውን እየሰረዘ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ቅዳሜ ዕለት እኔና ተሳፋሪዎቹ እያለን እንደገና ጠፍታ፣ ዳገቱን ስላልቻለችው ከመንገድ ተመልሰን ነበር። እሁድ ምሳ ላይ እጁን እየታጠበ ነገረኝ።

“ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ። በሬዲዮ ስንቴ አይቼዋለሁ። አንጎሏ ነው የሚግልባት። ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።”

“የት ነው ያለው?” አልኩት።

“አንቺ የምትቀመጪበት ጎን፣ ከሽፋኑ ውስጥ።”

ጨርቁ እዚያው ነበር። የማወጣው ሐረር ላይ እሱ ምሳ ሲበላ ነበር፤ ቅዳሜ ግን አልደረስንም። ሳጥኑን የሚያግለው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ በዚያ ሙቀት ጣቃ ሙሉ ጨርቅ አልብሼው ነበር።

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ በሯን ትዘጋለች። ሰው ይተኛል ወይም ይቅማል፤ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም። እሱ ጋደም ሲል የብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። የመኪናው በር ብረት ያቃጥል ነበር። ሽፋኑን ፈትቼ ጨርቁን መሳብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥቅል ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ከሽቦው እስር ጋር ተጠላልፏል። ላፈታታው ሞከርኩ፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ከቤት ውስጥ ሳል የሰማሁ መሰለኝ። በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ደረቅ ብስኩት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጨርቁ ወጣ። ሳጥኑን ወደ ቦታው ገፋሁት፣ ሽቦውን ተጫንኩት፣ ሽፋኑን መለስኩ። ጨርቁን ማሽላ በርሜል ውስጥ ቀበርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሻዩን ይዤለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሽፋኑን ፈታ። መጽሐፉ እንደሚያዘው ሶኬቱን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው። ሶኬቱ ከነስብርባሪው እጁ ላይ ወጣ። የሳጥኑ አፍ ተሰንጥቆ፣ ውስጥ ያለው ቀጭን ሰሌዳ ለሁለት ሆኗል። ሶኬቱን አየው። ከዚያ የያዘበትን እጅ አየው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

“እጄ ነው” አለ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሱ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቁጣውን አልፈራሁም። የፈራሁት፣ በነዚያ ሁሉ ጉዞዎች ኬላው ላይ ባየኝ ጊዜ ያየው ነገር ምን እንደነበረ እንዳያውቅ ነው። ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው አልኩት።

ሰሌዳውን በብየዳ ሊይዘው ሦስት ቀን ሞከረ። መንቀጥቀጡ እንደወትሮው ትንሽ ነበር፤ እሱ ግን መቼ ይንቀጠቀጣል እያለ እጁን ማየት ጀመረ፤ ባየው ቁጥር ይብስበታል። በአራተኛው ቀን የሚበይድበትን ካውያ ነቀለው።

አዲስ ሳጥን ከፋብሪካው ማስመጣት ለእኛ የማይታሰብ ነበር። የባቡር ነጂ ወዳጁ ግን ጅቡቲ የአደጋ መኪና የሚያራርድ ሰው ያውቃል። ባለቤቴ ዘዴውን አወጣ፤ ፊቷን የተመታች እንደ እኛ ያለች መኪና ከተገኘች የኋላ ዕቃዋ ደህና ነውና ሳጥኑ ይወጣላታል። ዋናው፣ ቆርቆሮው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዷ አኃዝ ከተለየች አይሠራም። ወረቀት አቀረበልኝና አንቺ ጻፊው አለ፤ ያንቺ ይነበባል። የሰበርኩትን ዕቃ ቁጥር በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩለት። እሱ ሳጥኑን ወደ ብርሃን እያዘነበለ ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ጊዜ አስደግሞ አስነበበኝ።

መኪና አራጁ ሰውዬ ብር አልፈልግም፣ ብር እዚህ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከወዳደቀ ዕቃ ራሱ የገጣጠመውን፣ ማታ ማታ ዜና የሚሰማበትን ሬዲዮ ላከለት። ባቡሩ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ነጂው ሳጥኑን በምሳ ዕቃው ውስጥ ከቶ አመጣው። በሩ ላይ ቆሞ፣ “ሙሽራህን ይዤልህ መጣሁ፤ ቁጥሯን እንደ ቁርዓን ነው ያነበብኩት” አለ። ባለቤቴ ቁጥሩን በጣቱ እየነካ አመሳከረ። አንድ ዓይነት ነበር።

መኪናዋ አጠገብ ስንሄድ ሳጥኑን ወደ እኔ ዘረጋው።

“አንቺ ሰኪው።”

“እኔ ምን አውቄ?”

“እኔ አሳይሻለሁ። በዚህ እጅ አላምንም።”

እየነገረኝ ሰካሁት። ሶኬቱ ቦታው ሲገባ ቀጭን ድምፅ ሰጠ። መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። መሪው ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ ፈገግ አለልኝ፤ አየሽ፣ ያንቺ እጅ ይሻላል አለ።

ከዚያ ወዲያ በደንገጎ አንድም ቀን አልጠፋችም። አሮጌው ሳጥን ታማሚ ነበር፣ አዲሱ ደህና ነው ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። አሮጌውም ደህና እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨርቁን ለጎረቤት ሰጠሁና ሁለተኛ አልነካሁም። እህቴን ልጠይቅ ማለትም ተውኩ።

እሱ ግን ሬዲዮ መቀበል አቆመ። መጀመሪያ ነገ ኑ ይላቸው ነበር። በኋላ፣ ዓይኔ ደክሟል ማለት ጀመረ። እጄ ላለማለት ነው። ካውያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠው። ሬዲዮ ታቅፈው የመጡ ሰዎች ከበረንዳው ሲመለሱ በመስኮት አያለሁ። አንድ የመልካ ጀብዱ ሽማግሌ፣ የመጣሁበት መንገድ ሩቅ ነው፣ ዝም ብለህ እንኳ ክፈተው ብለው ለመኑት። ክፈተው ተብሎ ከመለመን የበለጠ ምን ክብር አለ? እሱ ውኃ አጠጥቶ፣ እስከ መንገድ ሸኝቶ መለሳቸው። እንዲህ አምስት ዓመት ኖረ። እጁ በአምስት ዓመት ውስጥ እምብዛም አልባሰበትም ነበር።

ሲታመም አልጋውን በረንዳ ላይ አወጣንለት፤ ነፋስ እንዲያገኘው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሽፋኑን፣ ሻሾቹን፣ ፊናንሱን፣ የስብራቱን ድምፅ፣ የማሽላውን በርሜል። ሳያቋርጥ ሰማኝ።

“ጨርቅ?” አለ።

“አዎ።”

“አንቺ?”

“እኔ።”

ፈገግ አለ። ሲያገባኝ የነበረው ፈገግታ ነው።

“ሽበት ካወጣሽ በኋላ ውሸት ጀመርሽ። ልታጽናኚኝ ነው፤ አውቄብሻለሁ።”

“እውነቴን ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።”

“ተይ፣ አትማዪ። እኔ አላውቅሽም? በመስታወቱ አይሽ አልነበር? ያንን ፊናንስ ስታናግሪው ዓይንሽ የሕፃን ዓይን ነበር። የደበቀ ሰው እንደሱ አያይም።”

የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ጨርቁ የለም፣ ጎረቤቴ ከአገር ወጥታለች፣ የተሰበረውን ሳጥን ራሱ ጥሎታል። እጄን በእጁ ያዘና፣ እጄ ነው፣ ለምጄዋለሁ፣ አትዘኚብኝ አለ።

ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። እየደጋገምሽ አታድክሚኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለሦስተኛ ጊዜ ልነግረው ወንበሬን ያስጠጋሁ ዕለት እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እጆቹ አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል፤ ሲተኛ አይንቀጠቀጡም። ብዙ ቆሜ አየኋቸው፣ አልቀሰቀስኩትም።