በዘጠኝ የተካፈለው ቁጥር

ልጃችን ለብሔራዊ ውትድርና በተወሰደ በዓመቱ፣ ወደ ጦር ግንባር መሄዱን የሚገልጽ ደብዳቤ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ደረሰን። እኔ በመሠረተ ትምህርት ማካፈል የተማርኩት ገና ያን ሰሞን ነበር። ደብዳቤው አናት ላይ 4720815 የሚል ቁጥር አየሁና የልጄ የወታደርነት ቁጥር መሰለኝ።

በእኛ በአምባሰል ኮከብ ቆጣሪዎች የሰውን ስም ወደ ቁጥር ለውጠው ያካፍላሉ፤ በዘጠኝ ተካፍሎ ምንም ካልቀረ መንገደኛው አይመለስም ይላሉ። አካፈልኩት፤ ምንም አልቀረም። ማካፈል ቻልኩ ብዬ የኮራሁ ደንቆሮ፣ ለሚስቴ እንዳለ ነገርኳት።

«እስቲ ከኋላ ጀምረው ይሞክሩት» አለችኝ። ገለበጥኩት፣ አሃዞቹንም አቀያየርኳቸው፤ ያው ሆነ።

በማግስቱ ለአስተማሪያችን ባሳየው ሳቀብኝ። «አባባ፣ በዘጠኝ የሚካፈል ቁጥር አሃዞቹን እንደፈለጉ ቢያምሷቸው መካፈሉን አይተውም። ደግሞ ይሄ የጽሕፈት ቤቱ የደብዳቤ ቁጥር ነው፤ ልጅዎን አያውቀውም።»

እየሮጥኩ ቤት ስገባ ሚስቴ ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች። የሰማሁትን ብነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ሊያጽናኑኝ ነው» አለች።

መሠረተ ትምህርቱ ጣቢያ ድረስ ወስጄ ከአስተማሪው አፍ ላሰማት ብል እምቢ አለች። የልጃችን የሞቱም የሕይወቱም ወሬ ሳይመጣ፣ ከነጥቁር ልብሷ ቀበርኳት።