የሕንፃችን ጎርፍ ኮሶዬ ወሰደኝ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከጎንደር መናኸሪያ በደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኮሶዬ የምሄደው ቦይ ለማየት ነው ብዬ ስናገር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ጉዳዩ ያለው እኔ ጋ ነው።

አራዳ ላይ አንድ የንግድ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት ካለበስነው ወዲህ፣ ከጣሪያውና ከመኪና ማቆሚያው የሚሰበሰበው ጎርፍ ቁልቁል ወርዶ ከታች ያለውን የመሪጌታ ጥበቡን የድጓ ጉባኤ ቤት ይመታል። አምና መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ቦይ አሠራሁ። ከእጅ አይሻል ዶማ! ውሃው ይብሱን ፈጠነና ከተማሪዎቹ ጎጆ ገብቶ የብራና ድጓቸውን አራሰው።

«ለኖኅ ማየ አይኅ ከሰማይ መጣበት፤ ለእኔ ከእናንተ ሕንፃ» አሉኝ መሪጌታ። «ዘንድሮ ከደገመ ጉባኤዬን ነቅዬ እሄዳለሁ።» ሳይቆጡ መናገራቸው አንጀቴን በላው።

የኮሶዬ ተወላጅ የሆነው ዘበኛችን ይህን ሰምቶ፣ «የአያ ዘለቀን ማሳ ሄደሽ እዪ» አለኝ። ይኸው ሄድኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኮሶዬ

መንገዱ ሽቅብ ብቻ ነው። ረዳቱ «ቦርሳሽ ሰው ነው እንዴ፣ ወንበር ይዟል!» ብሎ ስለተቆጣ ታቅፌው ወጣሁ። ስወርድ ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ በልቼ ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ እየጠየቅሁ ወረድኩ።

አያ ዘለቀ ዘሩን ገና ከሸፈኑት የገብስ ማሳ ውስጥ ዶማ ይዘው ቆመዋል። ቦይ ለማየት መምጣቴን ነገርኳቸው።

«ምነው እቴ፣ ከተማ ውስጥ ቦይ ጠፋ?»

«ሞልቷል አያ፤ የሚሠራው ነው የጠፋው!»

ሳቁና ማሳውን አሳዩኝ። አቤት ብልሃት! ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጡ ቀጫጭን ቦዮች ቀደውበታል፤ ፈሰስ ይሏቸዋል። አልፎ አልፎ ድንጋይ ተጋድሞባቸዋል፤ መጨረሻቸው ሣር ላይ ነው።

«ውሃ እንደ በሬ ነው፤ ቁልቁል ከለቀቁት አይመለስም። አግድም ነው የሚነዳ» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ የእኔን ቀጥ ያለ ቦይ ፎቶ አሳየኋቸው። ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ፤ ውድ ሥራ ነው። አያ ዘለቀ ዶማቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው ጠየቁኝ።

«ይህ ሲፈስ የት ቆመሽ አየሽው?»

«ቢሮዬ በረንዳ ላይ።»

«ኧረ አይሆንም! እኛ ፈሰስ ከቀደድን፣ በመጀመሪያው ዝናብ የምንቆም ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ነው። ውሃችን ሲደርስበት አብረን እናያለን። ካጠፋንም እዚያው አብረን እንዘጋለን።»

ፊቴ ጋለ። ለካ እኔ አንድ ቀን እንኳ መሪጌታ ግቢ በዝናብ ገብቼ አላውቅም!

ወዲያው ሰማዩ አጉረመረመ። አያ ዘለቀ እጄን ይዘው ጎተቱኝና ወደ ጎረቤታቸው ማሳ ሮጥን። ቆምን፣ በሰበስን፣ ጠበቅን። ውሃው ረጋ ብሎ መጣ፣ ሣሩ ውስጥ ገባና ቀረ። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት ውሻ ደንግጦ ጮኸብኝ።

አራዳ፣ ከተመለስኩ በኋላ

የሕንፃው ባለቤት «መኪና ማቆሚያዬን!» እያለ ቢያጉረመርምም ኮንክሪቱን ከዳር ከዳር አስፈነቀልኩ። ቦዩን አግድም አዞርኩት፣ ድንጋይ አጋደምኩበት፣ ጠጠር የተሞሉ ጉድጓዶች አስቆፈርኩ፣ ጫፉ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር አስተከልኩ። የጣሪያውን ውሃ ታንከር ተቀበለው።

ሥራው ባለቀ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በረንዳዬን ትቼ ጃንጥላዬንም ረስቼ ቁልቁል ሮጥኩ። መሪጌታ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ተማሪዎቹ መጻሕፍታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ዜማ የለም።

ውሃው መጣ። ግን ዝግ ብሎ! አብዛኛው ሣሩ ላይ ቀረ፤ አንዲት ቀጭን ጅረት ብቻ በአጥሩ ሥር ሾልካ ወደ ጎጆዎቹ አመራች።

«መሪጌታ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ያስፈልጋል» አልኳቸው በጣቴ እያሳየሁ።

እሳቸውም ነጠላቸውን አደግድገው ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ፈነቀሉ። በአንድ ጎን እኔ ያዝኩ፤ አብረን አጋደምነው። ጅረቷ ዞረች።

መሪጌታ ጭቃ የያዘ እጃቸውን በዝናቡ ታጥበው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ምነው ቆማችሁ? ከተውነው ቀጥሉ እንጂ!»

ዜማው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ በረንዳዬ ላይ የሚያገኘኝ ሰው የለም።