በግራ ጆሮዬ የሳቅሁበት ቀን

ትናንት ወረታ መናኸሪያ አንዲት ልጅ ጓደኛዋን፣ «በግራዬ አልሰማም፤ በቀኜ ሁኚ» ስትላት ሰምቼ ደስ አለኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ይህን መናገር ሞት ይመስለኝ ነበር። የእኔም ግራ ጆሮ እንደማይሰማ እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር፤ በግራዬ ጠርታኝ ዝም ስል «ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽኝ?» እያለች ትቆጣኝ ነበር።

አንድ ቀን ይፋግ ገበያ እንስራ ልንገዛ ሄድን። ሸክላ ሠሪዋ እማማ ዘርትሁን እንስራውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይነግርሻል» ብለው በግራዬ በኩል አስጠጉልኝ። እኔ ዞሬ በቀኜ አዳመጥሁ። ልብ ብለውኝ ኖሮ፣ እናቴ ዘወር ስትል ወደ ቀኜ ጎንበስ አሉ።

«የእኔም ግራዬ አይሰማም፣ ልጄ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት እያለ የሚያማኝ ሲመጣ፣ ግራዬን አዞርለታለሁ።»

እንደኔ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ስንመለስ ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። እናቴ «ቶሎ ቶሎ ተራመጂ» እያለች ስትነዘንዘኝ፣ በግራዬ አድርጌያት ብቻዬን እስቃለሁ። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ምን ያስቅሻል፣ አንቺ?»

«ምንም» አልኋት።

እውነቱን እስክትሞት አልነገርኋትም። ያን ቀን ግን ሳቄ ተጋባባትና ጭቃው መሃል ቆመን አብረን ሳቅን።